ጭሰኛዋ

«ጭሰኛ» የሚለውን ቃል ዛሬ የሚያስታውሰው የታሪክ መጽሐፍና ከእኛ ዕድሜ በላይ ያለ ሰው ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሲሽር ቃሉም ቀስ በቀስ ከአፋችን ወረደ። እኔ ግን ቃል ሲሞት ለቅሶ የመድረስ የቆየ የመምህርነት አመል አለብኝና ይህንን ቃል እንዲሁ ልሸኘው አልሆነልኝም። እስቲ ልብ በሉት። ሰውየው በበሬው አልተጠራም፣ በሞፈሩም አልተጠራም፤ በጭሱ ተጠራ። በሌላ ሰው መሬት ላይ ጎጆ ቀልሶ፣ ጭስ አጭሶ፣ በጭሱ የተቆጠረ ሰው ነው ጭሰኛ። ታዲያ እኔ የምለው… ያንን ጭስ ያጨሰው ማን ነበር? ሰውየው በዚያ ሰዓት እርሻ ላይ ነው። ጉልቻው ሥር ተንበርክካ እፍ የምትለው ሚስቱ ናት። ስሙን እሱ ወሰደ፣ ጭሱን እሷ። አዋጁ እሱን ከስሙ አላቀቀው፤ እሷ ከጭሱ ጋር እንዳለች አለች።

ሥነ ጽሑፍ አስተምር በነበረበት ዘመን ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች «የልጅነት ቤታችሁን በአንድ ገጽ ግለጹ» እያልኩ አጽፍ ነበር። ልጁ ከወሎም ይምጣ ከጎጃም፣ ከአሥሩ ወረቀት በስድስት ሰባቱ ላይ ሲመሽ ከጎጆ አናት ሽቅብ የሚጥመለመል ጭስ አላጣም። ሁልጊዜ ከውጭ የሚታይ ጭስ ነው። ከሣር ክዳኑ በታች ወርዶ፣ በር ከፍቶ፣ ምድጃው ዘንድ የሚደርስ ጽሑፍ ብርቅ ነበር። የደረሱት ጥቂቶቹ ሴቶች ልጆች ነበሩ፤ የእነሱ ጭስ ውበት የለውም፣ ዓይን ይቆጠቁጣል። በሥዕል አውደ ርዕይም፣ በበዓል የቴሌቪዥን ድራማም የምናየው ያንኑ የወንዶቹን ጭስ ነው። ጭስ የሚወጣበት ቤት የሞቀ፣ ሰው ያለበት፣ የተባረከ ቤት ነው። ይህን ምስል የሠራው ከብቱን ነድቶ ከሜዳ የሚመለስና እራት የደረሰለት ሰው ዓይን ነው። ዓይኑ አልዋሸም። ያየውን ነው የተናገረው። ያላየውን ግን ሥነ ጽሑፋችንም እስከዛሬ ብዙ አላየለትም።

ሌላም የለመድነው ምስል አለን፤ መካኗ ሴት። ይቺ ሴት በራዲዮ ድራማና በልብ ወለድ ውስጥ የምትጫወተው ሚና ከሁለት ከሦስት አይበልጥም። ወይ ተስላ ትወልዳለች፤ ወይ ባሏ ሌላ ያገባባታል፤ ወይ ደግሞ በሰው ልጅ ቀንታ ጠንቋይ ቤት ትመላለሳለች። በሦስቱም ውስጥ ነገሩ የሷ ነው፤ ጉድለቱም የሷ፣ ጥፋቱም የሷ። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ውድነሽ በጣሙን ሲያስተዋውቁን፣ ባል እየሞተባት «ገፊ» ተብላ የተፈራች ሴት አድርገው ነው። ባሎቹ ሞቱ፣ ምክንያቷ እሷ ሆነች። ደራሲው ግን ፍርዱን ከነዳኛው አሳይተውናል። ሰው የማያውቀውን ምክንያት ሁሉ በቅርብ ባለችው ሴት ላይ ሲጭን ያሳያሉ። ከሳቸው በኋላ የመጡ ብዙ ድራማዎች ፍርዱን ወሰዱና ዳኛውን ትተውት መጡ።

እዚህ ላይ አንድ የቃል ነገር ጣል ላድርግ። ከደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ ከተሞች አንዷ መካነ ሰላም ናት፤ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። «መካን» በግዕዝ ስፍራ ነው። ያልወለደችውም ሴት «መካን» ናት። ሥራቸው ሌላ ሌላ ነው፤ ስፍራው ከ«ኮነ»፣ ሴትየዋ ከ«መከነ» የመጡ ናቸው። ነገር ግን ብዕር ላይ መንታ ናቸው፣ በዓይን አይለዩም። እኔም ከዚያ ወዲህ አንዲት ሴት «መካን ናት» ስትባል ስሰማ «የምን መካን? የት ቦታ?» ብሎ መጠየቅ ይቃጣኛል። ቀልድ አይደለም። ሴትየዋ የዋለችበትን ስፍራ የጠየቀ ሰው አላጋጠመኝም።

የዋለችበት ስፍራ ማድ ቤት ነው። ኩታበርን ያየ ያውቀዋል። ከደሴ በስተሰሜን ምዕራብ ሃያ ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለች ደጋ ናት፤ ብርዱ በር አያስከፍትም። የጥንቱ ደን ከሄደ ቆይቷል፤ የሚነደው የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል፣ ይልቁንም ኩበት ነው። የኩበት ጭስ ደግሞ ቶሎ አይነቃም፤ መጀመሪያ ቤቱን ይሞላል፣ ከዚያ ነው የሚነደው። በእንጀራ ቀን ሴትየዋ ምጣዱ ዘንድ ሁለት ሦስት ሰዓት ትቆያለች። አክንባሎውን በከፈተች ቁጥር እንፋሎቱና ጭሱ ተደርበው ፊቷ ላይ ይመጣሉ። ይሄ እንጀራው ብቻ ነው። የክርስቲያኑ ጠላም የሙስሊሙ ቀሪቦም ገብሱ ሳይቆላ የለም፤ ጋኑም በወይራ ይታጠናል። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ከነዕጣኑ አለ። ወሎ ደግሞ ዕጣን ይወዳል።

ለመሆኑ ይሄ ጭስ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የተጎሳቆሉ ሰፈሮች በ59 ቤቶች ውስጥ ደቃቅ ብናኝ ለክቶ ነበር። ብናኙ ከራስ ፀጉር ውፍረት ሠላሳ ጊዜ ያህል የቀጠነ ነው፤ ሳንባን አልፎ ደም ውስጥ የሚገባውም ለዚህ ነው። የ24 ሰዓቱ አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር 818 ማይክሮግራም ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ያወጣው መመሪያ በቀን ከ15 ባይበልጥ ይላል። ከሃምሳ እጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህ እንግዲህ ከተማ ነው። በ2016 የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንደሚለው ደግሞ በመላ አገሪቱ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ቤተሰብ ምግቡን የሚያበስለው በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰለው ነው።

የጭሱ ነገር ሲነሳ ዓይን፣ ሳል፣ የሕፃናት የሳንባ ምች ይባላል። ትክክል ነው። ወደ ሴትየዋ ማህፀን አካባቢ ሲደረስ ግን ጨዋታው ይቀየራል። ከጭሱ ወጥተን እርግማን፣ ዛር፣ የዓይን ጥላ ውስጥ እንገባለን። ሁለቱ ምስሎች፣ የተባረከው ጭስና ያልተባረከችው ሴት፣ በአንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። እነሱን ማገናኘት የጀመሩት ደራስያን ሳይሆኑ ሐኪሞች ናቸው።

ሐኪሞቹ ያሉትን ከማምጣቴ በፊት ከተርጓሚዎቻቸው ጋር ትንሽ ልከራከር። ኦቫሪን «እንቁላል ማምረቻ» ብለው ሰጡን። ማምረቻ ሲባል ፋብሪካ ይመስላል፤ ዛሬ ቢበላሽ ነገ ተጠግኖ ሥራ የሚጀምር። እንዲያ ብሎ ነገር የለም። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ገና በእናቷ ማህፀን በአምስተኛው ወር ገደማ ከስድስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ይደርሳሉ፤ ስትወለድ አንድ ሁለት ሚሊዮን ይቀራሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ሦስት አራት መቶ ሺህ። ከነዚህ ውስጥ በዕድሜዋ ሙሉ በስለው የሚወጡት አራት አምስት መቶ ቢሆኑ ነው፤ ሌላው ባለበት ይከስማል። አንድ ጊዜ ተሞልቶ ከዚያ ወዲያ አንዲት ፍሬ የማይጨመርበት ነገር በአማርኛ ስሙ ጎተራ ነው። «የእንቁላል ጎተራ» ብንለው ኖሮ የገጠር ሴት ያለ አስተርጓሚ ይገባት ነበር። ጎተራ ምን ምን እንደሚያገኘው ታውቃለች።

ገበሬ ለዘር የመረጠውን የበቆሎ ራስ የት እንደሚሰቅለውም ታውቃለች። ከምድጃው በላይ ነው፤ ጭሱ እንዲያገኘውና ነቀዝ እንዳይደርስበት። ከዚያው ምድጃ ሥር የተቀመጠችው ሴት ጎተራ ግን ለጭስ የተሠራ አይደለም። እንጨትም ይሁን ኩበት ወይም ትምባሆ በደንብ ሳይነድ ሲጨስ ፖሊሳይክሊክ አሮማቲክ ሃይድሮካርቦን የሚባሉ ቅመሞች ይወጡታል። በ2001 «ኔቸር ጄኔቲክስ» በተሰኘው መጽሔት የቦስተን ተመራማሪዎች ያወጡት ሥራ፣ እነዚህ ቅመሞች በአይጦች እንቁላል ውስጥ ገብተው ባክስ የሚባለውን ጂን ሲቀሰቅሱ እንቁላሉ ራሱን በራሱ እንደሚያጠፋ አሳይቷል። ሲጋራ የሚያጨሱ ሴቶች የወር አበባቸው ከማያጨሱት አንድ ሁለት ዓመት ቀድሞ እንደሚቋረጥ ከታወቀም ሰንብቷል። በ2019 ደግሞ የጣሊያን ሐኪሞች በሞዴና አካባቢ ከሚኖሩ 1,318 ሴቶች የተወሰደ የሆርሞን ልኬት ይዘው ቀረቡ። አንቲ ሙሌሪያን የሚባለው ይህ ሆርሞን ጎተራው ውስጥ ምን ያህል እንደቀረ ይጠቁማል። አየሩ በብናኝና በናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ በተበከለበት ስፍራ የሚኖሩት ሴቶች ልኬታቸው ዝቅ ያለ ነበር። በ2023 የአውሮፓ ተመራማሪዎች የጥቀርሻ ብናኝን በራሱ በኦቫሪው ሥጋና እንቁላሉን በከበበው ፈሳሽ ውስጥ አገኙት። ጥቀርሻ! ከማድ ቤት ጣራ ላይ በመጥረጊያ የምናወርደው ዓይነት ነገር።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን የወሯ ቁጥር ነው። አምስተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ሴት ምድጃ ሥር ተንበርክካ እፍ ስትል፣ በሆዷ ሴት ልጅ ካለች፣ የልጅቱ ጎተራ በዚያው ሰሞን እየተሞላ ነው። የልጅ ልጇ የሚሆነው እንቁላልም እዚያው አለ። አያት፣ እናትና የልጅ ልጅ በአንድ ትንፋሽ አንድ ጭስ ይካፈላሉ ማለት ነው። የጥቀርሻ ብናኝ በእንግዴ ልጁ በፅንሱ በኩል ባለው ገጽ ላይ መገኘቱን የቤልጂግ ተመራማሪዎች በ2019 አሳይተዋል። የዘር ሐረግ ሲቆጠር «ሰባት ቤት» የምንለው በአባትም በእናትም በኩል ነው። ይሄኛው የሚቆጠረው በእናት በኩል ብቻ፣ በምድጃ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ ሊያቋርጠኝ ይችላል። «ጭስ ያመክናል ካልሽ ያ ሁሉ የወሎ ልጅ ከየት መጣ?» ደግ ጥያቄ ነው። ከላይ የጠቀስኩት የ2016ቱ ጥናት አንዲት የአማራ ክልል ሴት በአማካይ 3.7፣ የአገሪቱ ሴት 4.6 ልጅ እንደምትወልድ ያሳያል። ይህ የመካን አገር ቁጥር አይደለም። እኔም ጭስ ያመክናል አላልኩም፤ ያለው ሰውም የለም። ጭስ ጎተራውን በአንድ ክረምት ባዶ አያደርገውም፤ ከታች ከታች ነው የሚበላው። በአሥራ ስምንት ዓመቷ ያገባች ሴት ጉድለቱ ሳይታወቅ የልጆች እናት ትሆናለች። ጉድለቱ የሚታየው ከመጀመሪያውም ጎተራዋ ያልሞላላት፣ ወይም ተፋታ በሠላሳ አምስት ዓመቷ ሌላ ያገባች፣ ወይም ትምህርቷን ስትጨርስ የቆየች ሴት ላይ ነው። የኩታበር ልጃገረዶች ደግሞ ትምህርት ቤት እየዋሉ ትዳርን ገፋ ማድረግ ጀምረዋል፤ እልል የሚባልለት ነገር ነው። እናቶቻቸው ያልከፈሉት የጭስ ዕዳ ግን ለነሱ ሊመጣ ይችላል። (ይህን አንብቦ «እንግዲያው ቶሎ ልዳራት» የሚል አባት ካለ ጽሑፉን እንደገና ይጀምረው። የሚቀየረው ምድጃው ነው።)

ልክ ልኩን ለመናገር፣ በአፍሪካ ለሴቶች አለመውለድ ዋናው ምክንያት ጭስ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1980ዎቹ ባስጠናው ሰፊ ጥናት በዚህ አህጉር ጎልቶ የወጣው በኢንፌክሽን የሚመጣ የቱቦ መዘጋት ነበር። ኢንፌክሽኑን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ማን እንደሆነ ባልናገርም ይገባችኋል። የአየሩም ነገር ቢሆን ገና ክርክር ያለበት ነው። በ2024 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣ የዴንማርክ ጥናት ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 45 የሆኑ እጅግ ብዙ ሰዎችን መዝገብ አገላብጦ፣ ደቃቅ ብናኙ የተያያዘው ከወንዶች መካንነት ጋር ሆኖ አገኘው። በሴቶቹ ላይ ያ ግንኙነት አልታየም፤ ከ35 ዓመት በላይ ያሉትን ሴቶች የነካቸው የመኪና መንገድ ጫጫታ ነበር። ዴንማርክ ማድ ቤት ውስጥ ኩበት ስለማይነድ እዚያ የጠፋው እዚህም የለም ለማለት አልደፍርም። ቢሆንም ወንዶቻችን ይህን ወረቀት ቢያነቡት ደስ ይለኛል። መዝገበ ቃላቱ «መካን»ን ለወንድም ይፈቅዳል፤ አፋችን ነው የከለከለው። ወንዱን «አልወለደም» ብለን እናልፈዋለን፣ ልክ ቀጠሮ እንደረሳ ሰው።

ወሎ ክርስቲያንና ሙስሊም በአንድ ጀበና የሚጠጣበት አገር ነውና ሁለቱም የሚያውቁትን የዘካርያስን ታሪክ ላንሳ፤ ሙስሊሙ ነቢዩ ዘከሪያ ይለዋል። በወንጌሉ ካህኑ ብሥራቱን የሰማው ዕጣን ሲያጥን ነው። በሁለቱም መጻሕፍት ግን ሚስቱ ፀንሳ ልትወልድ ስትል አንደበቱ እንዲያዝ፣ ዝም እንዲል የሚደረገው ወንዱ ነው። ይህን ትረካ ስንት ጊዜ ሰምተነዋል? ዝምታው ግን ወደኛ ቤት ሲመጣ ወደ ሴቷ ዞረ።

ስለ ወይባ ጢስም አንድ ቃል። የወሎ ሴት ሰውነቷን ለማሳመር፣ ከወሊድም በኋላ ለመጠገን በወይባ ትታጠን ነበር፤ ነውር የለበትም፣ ጥሩ መዓዛም ይሰጣል። አሁን አዲስ አበባ ላይ የውበት ሳሎን ገበያ ሆኗል። ከማስታወቂያዎቹ አንዳንዶቹ «ማህፀን ያጠራል» ይላሉ። ምንን ነው የሚያጠራው? የእንጨት ጭስ የእንጨት ጭስ ነው፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ከከሰል ጋር ሲሆን ደግሞ የሚያፍን ነው። ልጅ ፍለጋ ገንዘቧን ይዛ የመጣችን ሴት በጭስ አጥሮ መላክ ውበት አይባልም።

ወደ ጤና ትምህርታችን ልምጣ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም 16 ፓኬጆች ነበሩት፤ ጤናማ የቤት አያያዝ አንዱ ነው። ትልቅ ሥራ ሠርቷል፣ አልክድም። ምድጃውን ስንሸጥ ግን በምን ስም እንደምንሸጠው አስተውሉ፤ «ማገዶ ቆጣቢ»። «ምርጥ» የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻው ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ነው የተመሰገነው። የተቆጠበው እንጨት ነው፤ የታዘነለት ደን ነው። ደኑ ይታዘንለት፣ እኔም አዝናለሁ። ነገር ግን በስሙ ውስጥ ሴትየዋ የለችም። ለባልየው «ማገዶ ይቆጥብልሃል» ሲባል ማገዶ ለቃሚው እሱ ስላልሆነ ነገሩ ብዙ አያጣድፈውም። «የልጅህን ጎተራ ይጠብቃል» ቢባል ምናልባት ኪሱን ይዳብስ ነበር።

ሕክምናውስ? በመንግሥት በኩል የመጀመሪያው የመካንነት ሕክምና ማዕከል አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ውስጥ የተከፈተው በ2019 ነው። ከደሴ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ነው፤ ለኩታበር ሴት ሃያውን ጨምሩበት፤ የአልጋውን፣ የምግቡን፣ የቀጠሮ መመላለሱን ጨምሩበት። የወንድ ዘር ምርመራ ግን ማይክሮስኮፕና የሠለጠነ ዓይን ነው የሚጠይቀው፤ ከዚህ ሁሉ ምርመራ ርካሹና ቀላሉ እሱ ነው። አለመውለድ ከገጠማቸው ጥንዶች በግማሽ ያህሉ የወንዱ ድርሻ እንዳለበት እየታወቀ፣ ሴትየዋ ከጠበል ጠበል ስትዞር ዓመታት ያልፋሉ፤ እሱ አንዲት ብልቃጥ አልያዘም።

አምና ለለቅሶ ኩታበር ሄጄ ነበር። በድንኳኑ ጀርባ እንጀራ ከሚጋግሩት ሴቶች መካከል ዕድሜዋ ስድሳን ያለፈ አንዲት እናት አጠገብ ተቀመጥኩ። በጨዋታ መሐል በወጣትነቷ ስላልወለደች መፈታቷን አነሳችልኝ።

«እትዬ፣ ያኔ ሐኪም ቤት ሄደው ነበር?» አልኳት።

«ከየት አባቴ አምጥቼ! ጠበሉንም ጠጥቻለሁ፣ ግሸንም ወጥቻለሁ፣ የሸሆቹንም ዱዓ አድርሻለሁ። ምን ያልሆንኩት አለ?»

«ባለቤትዎስ?»

«እሱ ምን ሆኖ ይሄዳል?»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ወጣት አገባ። ከሷም አልወለደ። እሷንም መካን ናት ብለው ሰደዷት።» አክንባሎውን ከፍታ ጭሱን በእጇ ገፋ ገፋ አደረገችና ወደኔ ዞረች። «አየሽ አንች፣ ምስኪን! ሁለት መካን ገጠመው።»

አጠገቧ ያሉት ሴቶች ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ለቅሶ ቤት መሆኑን ያስታወሰችን አንዲት ልጅ «ኧረ ቀስ በሉ!» እስክትለን ድረስ።